ካርቱም ላይ የዘገየ ሠርግ

በልጅነቴ በጎንደር ከተማ በሰፈራችን አንዲት ባልቴት ነበረች። ልጇ ከሩቅ አገር ደብዳቤ በጻፈላት ቁጥር ፖስታውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ማንበብ ከሚችል ሰው ደጅ ትቆም ነበር። አንባቢው መንገድ ሄዶ ወይም ታሞ እንደ ሆነ ደብዳቤው ሳይከፈት ይሰነብታል፤ ባልቴቲቱም በዚያ ሁሉ ቀን «ምን ክፉ ነገር ቢጽፍ ነው ሰው የሚሸሸኝ» እያለች ትጨነቅ ነበር። ይህን ነገር ለብዙ ዘመን ረስቼው ከኖርሁ በኋላ ያስታወሰኝ በ2014 ዓመት በካርቱም ከተማ በገዛ ቤቴ የደረሰብኝ ጉዳይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

በዚያን ጊዜ የምንኖረው ዴም በተባለው ሰፈር ነበር። ዴም ኢትዮጵያውያን ከብዙ ጊዜ ጀምረው የተጠጉበት ሰፈር ስለ ሆነ አማርኛ የሚናገር ሰው፣ እንጀራ የሚሸጥበት ቤትና የቡና ጢስ አይታጣበትም። እኔ በአንድ የንግድ ቤት ሒሳብ ያዥ ነበርሁ። ባለቤቴ ሁለቱን ልጆቻችንን ታሳድጋለች፤ እናቷም የልጅ ልጆቻቸውን ለመርዳት ከጎንደር መጥተው አብረውን ይኖሩ ነበር። የመጨረሻ ልጃቸው፣ ማለት የባለቤቴ ታናሽ እኅት፣ ከካርቱም በስደተኝነት ወደ አውስትራልያ ሄዳ በሜልበርን ከተማ ተቀምጣለች። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ላይ ሠርጓ ሆነ።

አማቴ ለመሄድ የይለፍ ፈቃድ ጠይቀው ሳይገኝላቸው ቀረ። አልቅሰው ሲያበቁ ወደ ጎንደር ልከው ጥለቱ በልዩ የተሠራ ነጠላ አሠሩ። (ጥለት ማለት በነጠላና በቀሚስ ዳር በቀለም ክር የሚሠራ ጌጥ ነው።) ነጠላው ካርቱም ሲደርስ በአንድ ስፍራ ሸማኔው ክር ስቶ ስለ ተገኘ አማቴ ሲቆጩ ሰነበቱ፤ ነገር ግን የሚመለስበት ጊዜ አልነበረምና እንዲሁ በመንገደኛ እጅ ወደ ሜልበርን ሰደዱት። «በሠርጉ ቀን በእኔ ቦታ የምትቀመጠው ሴት ትልበሰው» የሚል ቃልም አስከተሉ።

ከፋሲካ በኋላ መንገደኛ አንድ ጥቅል አመጣልን። በውስጡ ሁለት ዲስኮች ነበሩ። በአንደኛው ላይ በእጅ «ሠርግ» ተብሎ ተጽፎበታል። ሁለተኛው ግን በሰማያዊ ሣጥን የታሸገ፣ ሙሽራው ለእኔ በስጦታ የላከው ሲሆን፣ በ1962 የተሠራው «ላውረንስ ኦቭ አረቢያ» የተባለው ፊልም ነው። ሁለቱም ዲስኮች ብሉ ሬይ ከተባለው ዓይነት ነበሩ። እኔም ለአማቴ «ነገ ማታ እናያለን» አልኋቸው። ይህን «ነገ» ለ40 ቀን ያኽል ስደጋግመው እንደምኖር የነገረኝ አልነበረም።

ዲስኩን በቤታችን ኮምፒዩተር ውስጥ ባገባሁት ጊዜ መኪናው ጥቂት አጉረምርሞ ዝም አለ። ኋላ አንብቤ እንደ ተረዳሁት፣ ተራው የዲቪዲ ማንበቢያ የሚያነበው በቀይ ጨረር ነው፤ የጨረሩ ሞገድ ርዝመት 650 ናኖሜትር ይሆናል። ናኖሜትር የአንድ ሚሊ ሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። ብሉ ሬይ ግን የሚነበበው 405 ናኖሜትር በሆነ ወደ ሐምራዊ በሚያደላ ሰማያዊ ጨረር ነው። ጨረሩ ቀጭን ስለ ሆነ ጽሕፈቱም ሊደቅቅ ቻለ፤ ዲቪዲ በአንድ ንብር 4.7 ጊጋባይት ሲይዝ ብሉ ሬይ 25 ይይዛል። ይህን የመሰለው ሰማያዊ ብርሃን በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ለሰማያዊው ብርሃን አመንጪ መሠረቱን የጣሉት አካሳኪ፣ አማኖና ናካሙራ የተባሉት ሦስት ጃፓን የተወለዱ ሊቃውንት የፊዚክስን የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት እኛ በዲስኩ በተቸገርንበት በዚያው በ2014 ነው። ዲስኩ ግን ከ2006 ጀምሮ በገበያ ነበር፤ በ2008 የካቲት ወር ላይ ተወዳዳሪው ኤች ዲ ዲቪዲ ሜዳውን ለቅቆለታል።

ስለዚህ ወደ ሱቅ አል-ዐረቢ ወርጄ ሰማያዊውን ጨረር የያዘ ማንበቢያ ገዛሁና አስገጠምሁ። አሁን ስጽፈው የማፍርበትን ስሕተት የሠራሁት ከዚህ በኋላ ነው። የሠርጉ ዲስክ እንዳይበላሽ ፈርቼ መጀመሪያ የፈተንሁት በፊልሙ ነበር። በመስኮቱ ላይ የወጣው ጽሑፍ ፈቃድ ያለው ማጫወቻ ፕሮግራም እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ቀጥዬ የሠርጉን ባገባ ኮምፒዩተሩ ዲስኩን ያያል እንጂ ሥዕል አያወጣም። ስለዚህ ሁለቱንም የያዛቸው አንድ በሽታ ነው ብዬ ፈረድሁ።

የፊልሙ በሽታ እውነተኛ ነበረ። ገበያ ላይ የሚሸጡት የብሉ ሬይ ፊልሞች ኤ ኤ ሲ ኤስ በተባለ ምስጢራዊ ቁልፍ የተቆለፉ ናቸው። ማጫወቻውን የሚሠራው ድርጅት ቁልፉን በውል ይቀበላል፤ ቁልፉም ጊዜ የተወሰነለት ስለ ሆነ ፕሮግራሙ ካልታደሰ አዲስ የወጣ ፊልም አይከፍትም። ከኮምፒዩተሩ ወደ መስኮቱ የሚሄደው ሽቦ እንኳ የራሱ ቁልፍ አለው። አገሮችም በክልል ተከፋፍለዋል፤ በዚህ በኩል ችግር አልነበረብንም። በዲቪዲ ጊዜ አውስትራልያ በ4ኛው፣ ሱዳንና ኢትዮጵያ በ5ኛው ክልል ሲመደቡ በብሉ ሬይ ግን ሦስቱም «ቢ» በተባለው ክልል ተጠቃለዋል። እንዲህ ያለ ዝምድና መኖሩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ፕሮግራሙን ልግዛ ብል አልሆነም። አሜሪካ በ1997 በሱዳን ላይ ያወጀችው የንግድ ማዕቀብ ገና አልተነሣም ነበር፤ የተነሣው በ2017 ጥቅምት ነው። በካርቱም የባንክ ካርድ ከውጭ አገር ዕቃ መግዛት አይቻልም። ብዙዎቹ የፕሮግራም መሸጫዎችም ጠያቂው ከየት አገር እንደ ሆነ አይተው ደጃቸውን ይዘጋሉ። ገንዘቡ በእጄ ሳለ፣ ሕግ ተላልፌ ልሰርቅ ሳልል፣ ለመግዛት የሚለምን ሰው ሆንሁ። በመጨረሻ ዱባይ የሚመላለስ ወዳጄ በስሙ ገዝቶ እንዲያመጣልኝ ተስማማን፤ እርሱ ደግሞ መንገዱ ዘገየበት።

ባለቤቴ «እኅቴ በተራ ዲቪዲ አስገልብጣ ትላክልን» አለችኝ። እኔ ግን እምቢ አልሁ። የዲቪዲ ሥዕል 720 በ576 ነጥብ ነው፤ የብሉ ሬዩ 1920 በ1080 ነው፤ ብናሰላው ልክ አምስት እጥፍ ይሆናል። አምስት እጅ ያለውን ሠርግ ስለምን አንድ እጅ እናየዋለን አልኋት። በኢንተርኔት ይላክ እንዳይባልም 20 ጊጋባይት በቤታችን መስመር ለመውረድ፣ መብራት ባይጠፋ እንኳ፣ 44 ሰዓት ይፈጃል። መብራት ደግሞ ይጠፋል። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ ያልተሰላው የአማቴ ልብ ነው።

የአማቴ አንድ ዐይን በሞራ ተሸፍኖ ነበር። ሁለተኛውም እየደከመ ሄዷል። በስልክ የተላኩትን ጥቂት ፎቶግራፎች ብናሳያቸው ከሰው ቁመት በቀር የሚለዩት አልነበረም። ሠርጉን በትልቁ መስኮት እንደሚያዩ ስለ ነገርናቸው በየማታው እራት ከተበላ በኋላ ነጠላቸውን አስተካክለው ይቀመጣሉ፤ እኔም አንድ ምክንያት እሰጣለሁ። አንድ ቀን የገመድ ነው እላለሁ፣ አንድ ቀን የፕሮግራም እላለሁ። በካርቱም ሲኒማ ቤቶቹ አብዛኞቹ ከተዘጉ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ በ2019 የወጣው የሱሐይብ ገስመልባሪ ፊልም፣ አራት ሽማግሌ የፊልም ባለሙያዎች በኦምዱርማን አንድ ሲኒማ ቤት ዳግመኛ ለመክፈት ሲደክሙ ያሳያል። ስለዚህ ለብዙ ቤተ ሰብ ሲኒማው ያው የሳሎኑ መስኮት ነበር፤ የእኛም ሲኒማ በየማታው ተመልካቹ ተቀምጦ ሳለ ይዘጋል።

በአንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ ሳለ አማቴ ስኒያቸውን አስቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እኔ ሕፃን አይደለሁም። ሙሽራው ሽማግሌ ቢሆን ወይም ሃይማኖቱ ሌላ ቢሆን ንገሩኝና ልረፍ። ሠርግ ከእናት የሚሰወር ነውር ሲኖርበት ነው።»

«እማማ፣ ምንም የተሰወረ ነገር የለም፤ መኪናው እምቢ ብሎ ነው» አልኋቸው።

«መኪናው የልጆቹን ፊልም እሺ እያለ የልጄን ሠርግ ብቻ እምቢ አለ?»

እውነታቸውን ነበር። በዚያው ኮምፒዩተር ልጆቹ ቀኑን ሙሉ ተራ ዲቪዲ ያያሉ። ባለቤቴ አንገቷን ደፋች። ያን ሌሊት አማቴ ሲጸልዩ ሰማሁ፤ ልጃቸውን ከውርደት እንዲሰውርላቸው ይለምኑ ነበር። ያልነበረ ውርደት ፈጥሬ በሰው ልብ ያስቀመጥሁት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ኮምፒዩተሩን በታክሲ ጭኜ፣ ሁለቱን ዲስኮች ይዤ፣ ሱቅ አል-ዐረቢ ወዳለ አንድ ጠባብ ሱቅ ሄድሁ። የሱቁ ልጅ ዕድሜው ከ20 የሚበልጥ አይመስልም። እስከዚያ ቀን ያልጠየቅሁት ስለምን እንደ ሆነ ልናገር፤ 15 ዓመት ሒሳብ የያዘ ሰው ከልጅ መማር ይከብደዋል። ታሪኬን ሁሉ፣ ማዕቀቡን፣ ቁልፉን፣ የዱባዩን ወዳጄን ሳይቀር አስረዳሁት። እርሱ ግን የሠርጉን ዲስክ ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየና «ያ ኡስታዝ፣ ይህ የተገዛ ነው ወይስ ተቀርጾ የተሰጠ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«የሠርግ ነው፤ ፎቶ አንሺው የቀረጸው» አልሁ።

«እንግዲያውስ ማን ይቆልፈዋል?» አለ።

ነገሩ ይህን ያኽል ቀላል ነበር። ኤ ኤ ሲ ኤስ የሚጠበቅበት የፊልም ነጋዴው ዲስክ ነው፤ ሰው በቤቱ ወይም በፎቶ ቤት በባዶ ዲስክ ላይ የቀረጸው አብዛኛውን ጊዜ ቁልፍ የለበትም። ኮምፒዩተሩ ሥዕል ያላወጣው ዲስኩ ተቆልፎ ሳይሆን፣ በዚያ ዘመን የነበረው ዊንዶውስ የብሉ ሬይን አቀማመጥ የሚያውቅ ማጫወቻ ከራሱ ጋር ስላልያዘ ነው። ልጁ ቪ ኤል ሲ የተባለውን ፕሮግራም ከኪሱ በወጣች ትንሽ ማከማቻ ጫነልኝ። ይህ ፕሮግራም በ1996 በፓሪስ አጠገብ በሚገኝ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ተማሪዎች የተጀመረ ሥራ ሲሆን ለማንም በነጻ ይሰጣል፤ ምልክቱም በመንገድ ሥራ ላይ የሚቆመው ብርቱካንማ ቆብ ነው። ከዚያም ዲስኩን ከፈተ፤ «ስትሪም» የተባለውን ማኅደር አገኘ፤ ከውስጡ ትልቁን መዝገብ ጫነው። አንዲት ሙሽራ በሜልበርን ፀሐይ ከመኪና ወረደች።

ሥዕሉ ግን እየተንገዳገደ ሄደ፤ ድምፁ ቀድሞ ሥዕሉ ይከተላል። ልጁ ይህም የኮምፒዩተሩ አእምሮ እንዲህ ያለውን ብዙ ነጥብ ብቻውን መፍታት አቅቶት መሆኑን ነገረኝ፤ በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ምርጫ ለውጦ ሥራውን ለሥዕል ካርዱ አካፈለው። መንገዳገዱም ተወ። እንዲሁም ዲስኩን በየጊዜው ከማሽከርከር ወደ ኮምፒዩተሩ ማከማቻ መገልበጥ እንደሚሻል መከረኝ። ላውረንስን ግን አይቶ ሳቀና መለሰልኝ። ለድካሙ የጠየቀኝ ዋጋ ከታክሲው ያነሰ ነው።

ያን ማታ አማቴን በመስኮቱ ፊት አስቀመጥናቸው። ሙሽራው ሲገባ «ቅረብ አድርጉት» አሉ፤ አቆምሁት። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እስኪነካ አስጠግተው ብዙ ጊዜ አዩት። «ልጅ ነው» አሉ። «ጢሙን እንኳ በቅጡ አላበቀለም።» ባለቤቴ በሳቅና በልቅሶ መካከል ሆነች።

ቀጥሎ ምርቃት መጣ። ሙሽሮቹ ጎንበስ ብለው የአንዲት ሴት ጉልበት ይስማሉ። አማቴ እጃቸውን አነሡ፤ እንደገና አቆምሁት። በዚያ በቆመው ሥዕል ላይ የሴትዮዋ ነጠላ መስኮቱን ሞልቶት ነበር። ጥለቱ አረንጓዴ ነው፤ መካከሉ ወርቅማ፣ ዳሩ ወይን ጠጅ። አማቴ በጣታቸው መስኮቱን ተከትለው ሄደው በአንድ ስፍራ ላይ ቆሙ።

«ይኸው ሸማኔው የሳተው ክር» አሉ።

እውነትም ነበረ። እኔ በደኅና ዐይኔ ካላሳዩኝ በቀር አላየውም ነበር። ስለ ሴትዮዋ ጠየቁ፤ የሙሽራዪቱ ጎረቤት፣ የአሥመራ ሰው መሆኗን ነገርናቸው። «በቦታዬ ደኅና አድርጋ ተቀምጣለች፤ እግዜር ይስጣት» ብለው ቀጥል አሉኝ። ጥቂት ቆይቶ መብራት ጠፋ። በጨለማው ውስጥ ማንም አልተነሣም፤ አማቴ ስለ ጎንደር ሸማኔዎች እያወሩ ቆየን፤ መብራቱም ከሁለት ሰዓት በኋላ መጣ።

ዱባይ የነበረው ወዳጄ በስተመጨረሻ ፕሮግራሙን አመጣልኝ፤ ላውረንስም ተከፈተ። አንድ ጊዜ አየሁት፤ ምድረ በዳው ያማረ ነው። ከዓመት በኋላ ሌላ ፊልም ሳገባበት ማጫወቻው እደስ ካልተባለ አልከፍትም አለ፤ እኔም ተውሁት። አማቴ ግን የሠርጉን ዲስክ ከሣጥኑ አውጥተው በባላቸው መዝሙረ ዳዊት የቆዳ ማኅደር ውስጥ ከተቱት። ከዚያ የማውጣትም ሆነ የመመለስ ሥልጣን የእርሳቸው ብቻ ሆነ። በ2018 ካርቱም ላይ ዐረፉ፤ በዚያው ቀበርናቸው።

በ2023 ሚያዝያ 15 ቀን በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ዴምም አልቀረለትም። እኛም እንደ ብዙ ሺሕ ሰው በገዳሪፍ በኩል አድርገን በመተማ ወደ አገራችን ገባን። ከቤት ስንወጣ የያዝነው ሰው በእጁ የሚሸከመውን ያኽል ነው። ኮምፒዩተሩ ከነማከማቻው ቀረ፤ ላውረንስም በመደርደሪያው ላይ ቀረ። ባለቤቴ የአባቷን ዳዊት አንሥታ ነበርና ዲስኩ ሳናስበው አብሮን ጎንደር ደረሰ።

ባለፈው ዓመት ከሜልበርን ስልክ ተደወለ። የሙሽራዪቱ ቅጂ የነበረበት ማከማቻ ተበላሽቶ የሠርጉ ሥዕል ጠፍቶባታል፤ ፎቶ ቤቱም ሥራውን ካቆመ ቆይቷል። «ያ ለእማዬ የላክሁት ዲስክ አለ ወይ?» ብላ ጠየቀች። አለ አልናት። ነገር ግን አሁን ያለኝ ኮምፒዩተር ዲስክ የሚገባበት አፍ የለውም። ቢኖረውም ዘመኑ ወደ ኋላ እየሄደ ነው፤ ኢንቴል በ2021 ካወጣቸው የቤት ኮምፒዩተር አእምሮዎች ጀምሮ አንዱን የጥበቃ ክፍል ስላስቀረው፣ አልትራ ኤች ዲ የተባለውን የብሉ ሬይ ታላቅ ወንድም በሕጋዊ ማጫወቻ የሚከፍት ሰው አዲስ ሳይሆን አሮጌ ኮምፒዩተር መፈለግ አለበት። ሶኒም ባዶውን የመቅረጫ ብሉ ሬይ መሥራት በ2025 የካቲት አቁሟል።

ማንበቢያውን ከአዲስ አበባ በውሰት አስመጣሁ። በገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር ይገናኛል። ዲስኩን ከዳዊቱ ማኅደር ሳወጣ የዕጣን ሽታ ነበረው። መጀመሪያ ቅጂው ከግማሽ አልፎ በአንድ ስፍራ ቆመ፤ ማንበቢያው ያቃስታል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ያቃስታል። የብሉ ሬይ ጽሕፈት ከገጹ የሚርቀው የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ዐሥረኛ ብቻ ስለ ሆነ ጥቂት እድፍ እንኳ ይከለክለዋል። አወጣሁትና በለስላሳ ጨርቅ ከመካከሉ ወደ ዳር ጠረግሁት፤ እንደ ገና አገባሁት። በሁለተኛው ጊዜ አለፈ።

መዝገቡን በሦስት ሌሊት ላክነው። እኅቷ ደርሷት ካየችው በኋላ ደወለች፤ ድምፅዋ ደክሟል። ባለቤቴ ስለ ነጠላው ጠየቀቻት።

«እኔ ዘንድ ነው» አለች፤ «ታጥቦ ታጥቦ ጥለቱ ደብዝዟል። የሳተው ክር የት እንደ ነበር አላገኘሁትም።»

ባለቤቴ የቆመውን ሥዕል ከፍታ ቦታውን በስልክ ታሳያት ጀመር።